ቀድሞ የሚያልፍ ቀድሞ ይውጣ

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የሆስፒታሉ ፋርማሲ የሞርፊን ቁም ሳጥን ተከፈተ። መዝገቡ ሠላሳ ሁለት አምፑል፣ ማለት የመርፌ ብልቃጥ፣ ይላል። ተቆጠረ፤ ሃያ። የፋርማሲው ኃላፊ መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ ቆጠረ፤ አሁንም ሃያ። ሦስተኛ ጊዜ የቆጠረው የበሩ ጥበቃ ነው። እሱም ሃያ ሲል ፖሊስ ተጠራ።

ጣቢያው የላከው ደግሞ ሻማን ነው።

ሻማ የመርማሪው ስም አይደለም። እውነተኛ ስሙን የሚያስታውሱት ግን መታወቂያ ካርዱና ሚስቱ ብቻ ናቸው። ቅጽል ስሙ የወጣለት ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በዚሁ ሆስፒታል፣ በዚሁ ፋርማሲ መስኮት ላይ ነው። ያኔ ኪንታሮት ይዞት፣ እንዲህ ያለውን ነገር እንኳን ለሰው ለሐኪምም መናገር እያሳፈረው፣ እንደምንም ታከመ። መስኮቱ ላይ የነበረችው ፋርማሲስት ሻማ ሻማ የሚመስሉ ነገሮች በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችውና «ጠዋትና ማታ አንድ አንድ» አለችው። በየት በኩል እንደሆነ አልነገረችውም። እሱም ጤነኛ አእምሮ እንዳለው ሰው ሁሉ ዋጠው። ሦስት ቀን ሙሉ ዋጠው። በአራተኛው ቀን ተመልሶ፣ «እመቤት፣ ይሄ ነገር ጉሮሮ ላይ ይጣበቃል፤ ትንሽ ቀጠን ያለ የላችሁም?» አላት።

ሳቀች። ብቻዋን ብትስቅ ደግ ነበር። ከውስጥ ያሉትን ጠርታ «እስቲ ይድገሙላቸው» ብላ እንደገና አስነገረችውና በማኅበር ሳቁ። ከሰልፉ ኋላ ደግሞ ለልጁ የሳል መድኃኒት ሊገዛ የመጣ የጣቢያው ሳጅን ቆሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጣቢያው ውስጥ ለደብዳቤ ማሸጊያ ሻማ ቢጎድል፣ መብራት ቢጠፋ፣ የልደት ኬክ ቢቆረስ፣ ሁሉም ዞሮ እሱን ነው የሚያየው።

ስለዚህ የደም ግፊት ኪኒኑን እንኳ ሚስቱ ናት የምታመጣለት። ዛሬ ጠዋት ወዴት እንደሚሄድ በስልክ ሲነግራት፣ «ከሄድክ አይቀር ኪኒንህን ይዘህ ና፤ አልቋል» አለችው።

«ሞቼ ነው እዚያ መስኮት ላይ የምቆመው!»

«ካልወሰድከውማ እሱም አይቀር» ብላ ዘጋችው።

ቀጥሎ የደወለው አለቃው ነበር፤ ዕድሜው የሻማን ታናሽ ወንድም የማይሞላ፣ ዲግሪውን ግን ከወንበሩ በላይ የሰቀለ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመውን ሻማን ሲያናግር ቃላቱን ለሕፃን ገንፎ እንደሚያበርድ ሰው አቀዝቅዞ ነው። «እስከ አሥር ሰዓት ጨርስ። አሥር ሰዓት ላይ የሆስፒታሉ ኮሚቴ ይሰበሰባል። ቁልፉን ይዛ የነበረችውን ሬዚደንት ያባርሯታል። ነገ የመጨረሻ ፈተናዋ ነው። ገባህ?»

ሻማ ጥርሱን ነክሶ «ገብቶኛል» አለ።

ሬዚደንት የሚሏቸው፣ ኃላፊው እንዳስረዳው፣ ፋርማሲስት ሆነው ከተመረቁ በኋላ እንደገና ሁለት ዓመት ሆስፒታል ውስጥ የሚሠለጥኑ ናቸው። ከሐኪም ጋር አልጋ በአልጋ ይዞራሉ፤ ሐኪሙ ያዘዘውን ያርማሉ፤ በሽተኛውን ይመክራሉ። ሻማ ይህን ሲሰማ፣ ሰው አንዴ መማር ከለመደ እንደ ሲጋራ መተው ያቅተዋል ማለት ነው ብሎ አሰበ።

ቁም ሳጥኑ በኋላ ክፍል ግድግዳ ላይ የተሰካ ብረት ነው። ከፊት ያለው ቦታ ባዶ ነው፤ አሥር አሥር አምፑል የያዙ ሁለት ፓኮዎች ከኋላ፣ ግድግዳውን ተጠግተው ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል።

«ካሜራውስ?» አለ ሻማ፣ ጣሪያ ላይ ወዳለው ጥቁር ዓይን እያየ።

«እሱማ ጌጥ ነው» አለ ኃላፊው። «ሌባ እንዲፈራ ነው የሰቀልነው። ሽቦው አልተቀጠለም።»

ማታ ማታ ቁልፉ በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ያድራል፤ እሽጉም አልተነካም። ስለዚህ የተሰረቀው ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ቁልፉ ከሬዚደንቷ እጅ በወጣባቸው አርባ ደቂቃዎች ውስጥ ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች ወደ ኋላ ክፍል የገቡት ሦስት ሰዎች እንደሆኑ ጥበቃው በጣቶቹ ቆጠረ፦ የሬዚደንቶቹ መምህርት፣ ሁለተኛው ሬዚደንት፣ እና አዲሱን መድኃኒት በጋሪ ያመጣው የመጋዘኑ ስቶር ኪፐር።

መጀመሪያ ልጅቷን ጠራት። ጓደኞቿ «ጥያቄ» ይሏታል፤ መጠየቅ ስለማታቋርጥ። ዛሬ ግን አልጠየቀችም። ዓይኗ አብጧል።

«ቁልፉ የት ነበር?»

«አንገቴ ላይ መሆን ነበረበት።»

«የት መሆን እንደነበረበት አልጠየቅኩሽም፣ ልጄ።»

«ጋውኔ ኪስ ውስጥ።»

«ጋውኑስ?»

«ግድግዳው ላይ። የሳል ሽሮፕ ፈሶብኝ አውልቄ ሰቀልኩትና የጓደኛዬን ተውሼ ወደ ላይ ወጣሁ። ከሆስፒታል የሚወጡ አንድ አባት ነበሩ፤ ሰባት ዓይነት መድኃኒት ነው የታዘዘላቸው። እሳቸው ጋ አርባ ደቂቃ ቆየሁ።»

«ኪኒን ለማቀበል አርባ ደቂቃ?»

«ማቀበሉማ አንድ ደቂቃ ነው። እያንዳንዱን እንዴት እንደሚወስዱት በራሳቸው አፍ እስኪደግሙልኝ ነው የቆየሁት። ሳይደግሙልኝ አልለቅም። ሕጋችን ነው።»

ሻማ ብዕሩን አቆመ። በእሱ ጊዜ እንዲህ ያለ ሕግ አልነበረም። «ስትመለሺ ቆጠርሽ?»

«አልቆጠርኩም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቆጥሬ ስለነበር ሠላሳ ሁለት ብዬ ፈረምኩ።» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ለነገ የምለብሰውን እናቴ ተኩሳ ሰቅላዋለች፣ ጋሼ። ለሰፈሩ ሁሉ ነግራለች። ዛሬ ስገባ ምን ልበላት?»

ሻማ የሚያለቅስ ሰው አይወድም፤ ሆዱን ያባባዋል።

መምህርቷ ስትገባ ግን ሆዱ መባባቱን ተወ።

እሷ ናት። ፀጉሯ ሸብቷል፣ መነጽር አድርጋለች፤ ግን ያቺው ናት። የሳቀችው። እሱን አላወቀችውም። ይሄ ደግሞ የበለጠ አንጀቱን አሳረረው፤ እሱ አሥራ አንድ ዓመት ሲሸከማት እሷ ከነጭራሹ ጥላዋለች።

«ትናንት ወደ ኋላ ክፍል ለምን ገቡ?»

«የማስተምርበትን ወረቀት ረስቼ።»

«ወረቀት!» አለ ሻማ፣ ወረቀት የነፍስ ግድያ መሣሪያ የሆነ ይመስል። «ስንት ደቂቃ ቆዩ?»

«ሁለት።»

«ማን አየዎት?»

«ማንም።»

«ማንም!» ደስ ብሎት ጻፈ። «ከግቢው እንዳይወጡ። ስልክዎንም እንዳይዘጉ።»

«ከግቢው እንዳልወጣ፣ ስልኬን እንዳልዘጋ» ብላ ደገመችለት። «ልክ ነኝ?»

የምታሾፍበት መሰለው። በማስታወሻው ላይ ከስሟ ሥር ሁለት ጊዜ አሰመረ። ማስረጃ አልነበረውም፤ ግን ማስረጃ ይመጣል፣ ዋናው ተጠርጣሪ መኖሩ ነው።

ከእሷ ቀጥሎ ወደ መጋዘኑ ወረደ። ስቶር ኪፐሩ፣ ሬዚደንቶቹ «ጋሼ ካርቶን» የሚሉት፣ ሃያ ሰባት ዓመት የሠራ ቀጠን ያለ ሰው ነው። በጋሪ አዲሱን ሞርፊን ማድረሱን፣ ለልጅቷ አስረክቦ መውጣቱን፣ የረሳውን ብዕር ሊወስድ ተመልሶ መግባቱን ሳይደናበር ተናገረ። ከዚያ አንድ ካርቶን ጎትቶ «ተቀመጥ፣ ወንድሜ» አለው። «ወንበሬን ወስደውታል። ክፍሌንም እንዲሁ። የሬዚደንቶች ማንበቢያ አደረጉት።»

«ያለ አንተ ፈቃድ?»

«ፈቃድ? የእኔ ፈቃድ የት ይታወቃል! መድኃኒቱ የት እንዳለ የማስተምራቸው እኔ፣ የሚመረቁት እነሱ። አንድ ጊዜ የመድኃኒት ስም ተሳሳትኩ ብለው ሳምንት አላገጡብኝ።»

ሻማ ስለ አለቃው ነገረው። ካርቶን ስለ ኃላፊው ነገረው። ሩብ ሰዓት እንደ ወንድማማች የሆድ የሆዳቸውን ተጫወቱ፤ ሻማም በሆስፒታሉ ውስጥ ሰው አለ ማለት ይሄ ብቻ ነው ብሎ ወጣ።

ደረጃው ላይ ጥበቃው እጁን ያዘው። «ጌታዬ፣ በጆሮዬ የሰማሁት ነገር አለ» አለ እያንሾካሾከ። «ያ ሁለተኛው ሬዚደንት፣ ‹እንደ መጽሐፉ› የሚሉት፣ ትናንት ሽንት ቤት ዘግቶ ‹ሞርፊኑን ስጧት! ካልበቃት ጨምሩላት! ትንፋሿ ቢቆም እኔ አለሁ!› ሲል ነበር።»

ሻማ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ። «እንደ መጽሐፉ» ረጅም፣ አንገቱ የበለጠ ረጅም ወጣት ነው።

«ዶክተር ቢሉኝ ደስ ይለኛል» አለ ገና ሲቀመጥ።

«ትንፋሿ ሊቆም የነበረው ሴትዮ ማናት?»

«የት?»

«ሽንት ቤት!»

ልጁ እንደ በርበሬ ቀላ። «መስታወት ፊት ለቃል ፈተናው ስለማመድ ነበር። ከባድ ሕመም ያለባት ታማሚ ብትመጣ፣ መጀመሪያ ኩላሊቷን…» ብሎ ጀመረና አላቆመም። ኩላሊቱን ጨርሶ ጉበት ላይ ሲደርስ ሻማ እጁን አነሳ፤ ሳንባ ላይ ሲደርስ ለመነ።

«እሺ በቃ፣ ዶክተር! ስንት ደቂቃ ተለማመድክ?»

«ሠላሳ አምስት። ኋላ ክፍል ገብቼ ጋውኔን አውሻት አብረን ወጣን፤ ቀጥታ እዚያ ገባሁ።»

«ምስክር አለህ?»

ከበሩ ኋላ የጥበቃው ድምፅ መጣ። «እኔ አለሁ፣ ጌታዬ! በሩ ፊት እግሬን አጣምሬ ሠላሳ አምስቱንም ደቂቃ ቆሜያለሁ። አንዴም አልወጣም፤ ሲወጣም ወደ ኋላ ክፍል አልተመለሰም። ሽንት ቤቱ ከኋላ ክፍሉ ፊት ለፊት ስለሆነ ነው እኮ ማን እንደገባ ያየሁት!»

ሰባት ሰዓት ሆነ። ሻማ ማንበቢያ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ተቀመጠ። ቀና ሲል ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት አየ። ከላይ የተሳለው ሻማ ነው። ከሥሩ በትልቁ፦ «አንደኛ ትምህርት፦ ሻማውን የዋጠው ሰውዬ።»

ክው አለ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ እየተቀባበሉ፣ በሥርዓተ ትምህርት ይስቁበታል ማለት ነው! ሆስፒታሉን ባጠቃላይ ካቴና ውስጥ የሚያስገባበት አንቀጽ እንዳለ እያሰበ ሳለ ጥያቄ በሩን አንኳኩታ ገባች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አላት፣ ወረቀቱን እየጠቆመ።

«እሱ? የመጀመሪያ ቀን ትምህርታችን ነው። አንድ ሰውዬ በመቀመጫ የሚገባውን መድኃኒት ዋጠው።»

«ደደብ ስለሆነ?»

«ኧረ አይደለም!» አለች፣ የተቆጣች እስኪመስል። «በየት እንደሚወስደው ማንም አልነገረውማ። ጥፋቱ የሰጪዋ ነው። መምህርታችን ‹ያቺ ሰጪ እኔ ነኝ፤ ይባስ ብዬ ሳቅሁበት› ትለናለች። ስትናገር አሁንም ትቀላለች። ሳያስደግሙ መድኃኒት መስጠት ክልክል የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። ይቅርታ ልትጠይቀው ብትፈልግ አጣችው፤ ካርዱ ላይ ስሙ በትክክል አልተጻፈም ነበር።»

ሻማ ስሙን ማንም በትክክል ጽፎለት እንደማያውቅ ትዝ አለው። ወደ መስኮቱ ዞሮ ረጅም ጊዜ ተናፈጠ።

«አንቺ ለምን መጣሽ?» አለ በመጨረሻ።

«አንድ ያልነገርኩዎት ነገር አለ። የሚጎዳኝ ነው፤ ግን እውነት ነው። ትናንት አዲሱ ሲመጣ ቸኩዬ ከፊት አስቀመጥኩት። አሥራ ሁለቱ የቆዩት ከኋላ ቀሩ። ደንቡ ግን ቀድሞ የሚያልፍ ቀድሞ ይውጣ ነው። ጊዜው ሊያልፍ የቀረበው ሁልጊዜ ከፊት መሆን አለበት።»

«አዲሱን ከፊት?»

«ከፊት።»

ሻማ ተነስቶ ቁም ሳጥኑን አስከፈተ። ሁለቱ ፓኮዎች ከኋላ ናቸው። ኃላፊውን ቀናቸውን አስነበበው። የቀሩት ሃያዎቹ ለሁለት ዓመት ይቆያሉ፤ የጠፉት አሥራ ሁለቱ በሚቀጥለው ወር የሚያልፉ ነበሩ።

ሃያ ዓመት ሌባ ሲያሳድድ እንዲህ ያለ ሌባ ገጥሞት አያውቅም። አዲሱ ከፊቱ ተገትሮ፣ ገፋ አድርጎ፣ ሊበላሽ የደረሰውን ከኋላ ጎትቶ የሚወስድ! ወስዶም ሲያበቃ የቀረውን በደንቡ አስተካክሎ የሚሄድ!

ከሆስፒታሉ ኪዮስክ ሦስት ፓኮ ብስኩት ገዛ። አንዱ ሊያልፍ ሳምንት ቀርቶታል፤ ባለኪዮስኩ እሱን ሲያወጣለት እየሳቀ ነው። ማንበቢያ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ አዲሱን ከፊት፣ የቆየውን ከኋላ አሰለፋቸው፤ ቀኖቹ እንዲታዩ አድርጎ። ከዚያ «ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል» ብሎ አንድ በአንድ ጠራቸው።

«እንደ መጽሐፉ» ገባ፤ ከፊት ያለውን ከፍቶ እየቆረጠመ ስለ ስኳር በሽታ አስረዳ። ሻማ ሌላ አዲስ ፓኮ ተካ።

መምህርቷ ገባች። ገና ከበሩ «ይሄን ማነው እንዲህ የደረደረው?» አለች። «ያጠፋው ይምጣና ራሱ ያስተካክለው!» ጫፉንም አልነካችም። ሻማ ከስሟ ሥር የነበሩትን ሁለት መስመሮች እያየ፣ እየከፋውም ቢሆን፣ ሠረዛቸው።

ካርቶን ገባ። ተቀመጠ። ሻማ ስለ ጉልበት ሕመም ጠየቀው። ካርቶን ስለ ጉልበቱ እያወራ፣ ዓይኑ ሻማ ላይ እንዳለ፣ እጁ ብቻዋን ተነሳች። አዲሶቹን ገፋች። የቆየውን ከኋላ ስባ ከፊት አደረገች። ጠርዙን በአውራ ጣቷ አስተካከለች። ተመልሳ ጭኑ ላይ ተቀመጠች።

ሻማ ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል እሱን ነበር የወደደው።

«ሌባውን ደረስንበት» አለ ቀስ ብሎ። «ሥራ የማያውቅ ዝርክርክ ነው። አዲሱን ዘርፎ አሮጌውን ትቶ ሄዷል።»

«ውሸት ነው!» ካርቶን ከወንበሩ ተነሳ። «አዲሱን ማን ነካው? አሮጌው እያለ አዲስ ይወጣል እንዴ! ሃያ ሰባት ዓመት አንድ ቀን እንዲህ…»

አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

ሁለቱም ብስኩቱን አዩት።

«የት ናቸው?» አለ ሻማ።

«ስቶር። ሦስተኛው መደርደሪያ» አለ ካርቶን ኩምሽሽ ብሎ። «ብርሃን አይነካቸውም። ሙቀቱን ሁለት ጊዜ ለክቼዋለሁ። ልሸጣቸው አይደለም፣ ወንድሜ። ሞርፊን የሚጠፋበት ሥልጠና ይዘጋል፤ ክፍሌን ይመልሱልኛል ብዬ ነው።»

«ለአንድ ክፍል?»

«ለክፍሉ ብቻ መሰለህ? ነገ ከፈተናው በኋላ ፎቶ አለ። በየዓመቱ ‹ጋሼ ካርቶን፣ እስቲ አንዴ ያንሱን› ይሉኛል። ዘጠኝ ዙር አንስቻለሁ። አንዱም ላይ የለሁም።»

«ልጅቷስ ምን አደረገችህ?»

«እሷማ ከሁሉ ትሻል ነበር» አለ አንገቱን ደፍቶ። «የተሰቀለው የእሷ ጋውን ሆነ።»

«ቂምማ እኔም ይዣለሁ» አለ ሻማ። «ግን በሰው ልጅ አንገት ላይ…» ከጠዋት ጀምሮ መምህርቷን በሐሳቡ ሲያስር መዋሉ ትዝ ሲለው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ዋጠው። ካቴናውን ከኪሱ አላወጣም። «ና፣ እንሂድ። መጀመሪያ አምፑሎቹን፣ ቀጥሎ ኮሚቴውን፣ ከዚያ ጣቢያ።»

ኮሚቴው ፊት ሲደርሱ ለአሥር ሰዓት አምስት ጉዳይ ነበር። ካርቶን ራሱ ተናገረ። ጥያቄ ከመባረር ዳነች፤ ከመምህርቷ ምላስ ግን አልዳነችም። በማግስቱ የተፈተነችው ቁልፉን እንደ ሜዳሊያ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ነው።

ጣቢያ ውስጥ ካርቶን ቃሉን እስኪሰጥ ጥበቃ ክፍል አስቀመጡት። ሻማ ሲመለስ የጣቢያውን የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን አራግፎ በቀን በቀን ደርድሮት አገኘው። ስምንት ዓመት ያለፈበትን የቁስል ቅባት አለቃው ጠረጴዛ ላይ ለብቻው አስቀምጦታል፤ «ይወገድ» የሚል ጽፎበት።

ከሳምንት በኋላ ሻማ ከፋርማሲው መስኮት ፊት ሰልፍ ያዘ። ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ተራው ሲደርስ ከመስታወቱ ጀርባ ጥያቄ ፈተናዋን አልፋ፣ ቁልፉ አሁንም አንገቷ ላይ ሆኖ፣ በጥርሷ በሙሉ ፈገግ አለችለት። ከጀርባዋ ግድግዳ ላይ አዲስ ፎቶ ተለጥፏል። ጫፍ ላይ፣ በዋስ ተለቆ ከሥራ ታግዶ ሳለ ጥያቄ ለምና ያስጠራችው ካርቶን ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። ፎቶው ትንሽ ተንጋድዷል፤ ያነሳው ጥበቃው ነው።

መምህርቷ ከኋላ ሆና ወረቀት ታገላብጣለች።

«የደም ግፊት ኪኒንዎ ነው፣ ጋሼ» አለች ጥያቄ። «በቀን አንድ፣ ጠዋት፣ በውኃ። እስቲ እንዴት እንደሚወስዱት ይድገሙልኝ።»

ሻማ ጉሮሮውን ጠረገ። ከኋላው ያለው ሰልፍ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ መሰለው።

«በቀን አንድ። ጠዋት። በውኃ» አለ። ከዚያ ትንሽ ጮክ ብሎ፣ «በአፍ!»

የመምህርቷ ወረቀት ቆመ።

«ሻማ ሻማ የሚመስል ከሆነ ግን» ጨመረ ሻማ፣ «አስቀድማችሁ ንገሩኝ። ጉሮሮ ላይ ይጣበቃል።»

መምህርቷ ቀስ ብላ ቀና አለች። መነጽሯን አወለቀች። ፊቱን አየችው፤ አሥራ አንዱን ዓመት አንድ በአንድ ከፊቱ ላይ የምትቆጥር ይመስል አየችው። ከዚያ ወረቀቱን ጥላ፣ በጎን በር ዞራ፣ ከመስታወቱ ወዲህ፣ እሱ ወደቆመበት ወደ ሰልፉ መጣች። እጇን ዘረጋች።

«ስምዎን» አለች፣ «ስምዎን በትክክል ይንገሩኝ።»

ነገራት።

እሷም ደገመችለት።